የቡቺ ጉልበት

ቡቺን የወሰድናት የሦስት ወር ቡችላ ሳለች ነው። ቺዋዋ ናት፤ ዛሬም ክብደቷ ሦስት ኪሎ አይሞላም። እዚህ ቨርጂኒያ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ስንወስዳት የውሻ ሕክምና መድን ወረቀት ሰጡን። በወር 38 ዶላር ይላል። ለዚህች ጭብጥ ለማትሞላ ውሻ ምን ያደርጋል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

በሁለት ዓመቷ ደረጃ ስትወጣ የኋላ ቀኝ እግሯን ድንገት አንጠለጠለች። በሦስት እግሯ ዘለል ዘለል አለች። ከዚያ እግሯን ወደ ኋላ ዘረጋችና ምንም እንዳልሆነ ሰው ሩጫዋን ቀጠለች። ሐኪሟ ጉልበቷን በሁለት ጣት ይዛ ገፋ ስታደርገው የጉልበቷ ሎሚ ከቦታው ሸርተት ሲል በዓይኔ አየሁ። በትንንሽ ዝርያዎች የተለመደ ነው አለችኝ። አራት ደረጃ አለው፤ የቡቺ ሁለተኛው ነው። ከባሰ ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሂሳቡም በሺዎች ዶላር።

ያን ማታ ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩት። መድኑን ከመግባትህ በፊት የታየ ሕመም አይሸፈንም። የቡቺ ጉልበት ደግሞ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አንዱ ጉልበት ከታመመ ሌላውንም የማይሸፍኑ አሉ።

ለእማዬ ስልክ ደውዬ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። «የአባትህ በሬ ገደል ገብቶ እግሩ የተሰበረ ጊዜ ረሳኸው እንዴ?» አለችኝ። አልረሳሁም። በሬው ታረደ፣ ጎረቤት ሥጋውን ተከፋፈለ፣ ሁሉም የመደቡን ከፈለ፤ አባቴም በዚያ ገንዘብ ላይ ጨምሮ ወይፈን ገዛ። በሬው ድሮም ያነክስ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

ዕድርም ቢሆን ዘግይቶ ለሚመጣ የራሱ ሕግ አለው፤ ስለዚህ መድን ሰጪዎቹን አልወቅስም። እኛ አገርም ቢሆን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቦረና ለአርብቶ አደሩ የከብት መድን አለ። ክፍያው የሚወሰነው ግን ሳተላይት በሚያየው የግጦሽ ልምላሜ ነው፤ የእያንዳንዱ ላም የሕመም ታሪክ አይጠየቅም።

ሂሳቡን ሠርቼዋለሁ። ቀዶ ሕክምናው 3,000 ዶላር ቢሆን፣ በዚያ ወረቀት መሠረት 250ው ከራሴ ነው፤ ከቀሪው 80 በመቶ፣ ማለትም 2,200 ይመለስልኛል። ያውም መጀመሪያ ሁሉንም ለሐኪሙ ከፍዬ። በአምስት ዓመት የምከፍለው መዋጮ ደግሞ፣ ባይጨምር እንኳ፣ 2,280 ነው። ውሻ ሲያረጅ ደግሞ ይጨምራል። ጥርሷም አለ፤ ትንንሽ ውሾች ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል፣ ተራ የጥርስ እጥበት ግን በብዙ ውል ውስጥ የለም። እንዲያም ሆኖ ቡችላ ሳለች ብገባ ይሻል ነበር እላለሁ። አንድ ጉልበት ብቻ ሳይሆን ሁለት አላት።

ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህቴ ሰሞኑን የዮርክሻየር ቡችላ ልትወስድ ነው። ሐኪም ዘንድ ከመሄድሽ በፊት መድን ግቢ፤ ለሕመም ብዙውን ጊዜ 14 ቀን መጠበቅ አለ፤ ስለ ጉልበት የሚለውን አንቀጽ ደግሞ ለብቻው አንብቢ አልኳት።

ለቡቺ ያንኑ 38 ዶላር በየወሩ ለብቻ አስቀምጣለሁ። እንዳትዘል ሶፋው ሥር መወጣጫ አድርገንላታል። ስትወጣ ትጠቀምበታለች፤ ስትወርድ ግን አሁንም ትዘላለች።