የሚኒሶታ ቅባት ለጎንደር ፊት

ጥምቀት ሲቃረብ የእኛ የሚኒሶታ ጎንደሬዎች ሻንጣ ምን እንደሚይዝ የታወቀ ነው። ግማሹ ልብስና ጫማ፣ ግማሹ ቅባት። ትልልቅ የሎሽን ጠርሙሶች፣ ወፍራም ክሬም፣ በቅናሽ የተገዛ ፋውንዴሽን፣ ስሙን ገዢዋ ራሷ አንብባ የማትጨርሰው ሴረም። ለእናት፣ ለእህት፣ ለአክስት ልጅ፣ ለጎረቤት። በፍቅር የተገዛ ስለሆነ ማንም ክፉ አይናገረውም። ግን አብዛኛው የተመረጠው እዚህ በረዶ ላይ ቆመን፣ የራሳችንን ቆዳ እያየን ነው። ጎንደር በጥር ያለው ፀሐይና አቧራ ነው። የምንልከውና እዚያ የሚያስፈልገው አይገናኙም ባይ ነኝ።

እስቲ ከዚህኛው አገር እንጀምር። ሚኒሶታ በጥር ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሲወርድ ብርቅ አይደለም። እንዲህ የቀዘቀዘ አየር እርጥበት አይዝም፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ ማሞቂያው ያንኑ ደረቅ አየር አሙቆ ይለቅብሻል። ቆዳ ሌት ተቀን ውሃ ያጣል። ቅልጥም ይነጣል፣ ከንፈር ይሰነጠቃል። ሆስፒታልና የአረጋውያን መጦሪያ የሚሠሩ እህቶቻችንማ እጃቸውን በቀን ስንት ጊዜ በሳሙናና በአልኮል ስለሚያሹት ደም እስኪወጣው ይቆስላል። ፀሐይዋ አለች፣ ግን ለስሙ ነው፤ ቀትር ላይ እንኳ ብዙም ከፍ አትልም። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለብ ባለ ውሃ ቶሎ ታጥቦ መውጣት፣ ሽቶ የበዛበትን ሳሙና መተው፣ ገላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ወፈር ያለ ክሬም መቀባት፣ ማታ እጅና እግር ላይ ቫዝሊን ለድፎ ካልሲና ጓንት ማጥለቅ። መኝታ ቤት አየር የሚያረጥብ ማሽን ካለ እሰየው። ውድ ክሬም ከቫዝሊን በልጦ ሲሠራ እኔ አላየሁም፤ ሽታው ይበልጣል፣ ያ እውነት ነው።

አሁን በዚያው ጥር ጎንደር እንግባ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው 1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር፣ አልትራቫዮሌት የሚሉት፣ ወደ 10 በመቶ ያድጋል። በዚያ ላይ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። በሚያዝያ አጋማሽማ ቀትር ላይ ፀሐይዋ አናት ላይ ናት። ሰውን የሚያታልለው የአየሩ ቅዝቃዜ ነው። ጠዋት ጋቢ ያስደርባል፣ ረፋዱ ነፋሻ ነው፣ ከዚያ «ኧረ ምን ፀሐይ አለና» ይባላል። ሙቀትና ጨረር ግን ለየቅል ናቸው፤ እየበረደሽም ፊትሽ ይጠቁራል። አቧራውን ደግሞ ከአዘዞ ፒያሳ በባጃጅ ሂጂና ፊትሽን በነጭ ሶፍት ጥረጊው፣ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም።

እናቶቻችን ይሄን ማንም ሳያስተምራቸው ያውቁታል። ቅዳሜ ገበያ ስትሄጂ፣ ለቅሶ ቤት ስትሄጂ፣ ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ሕዝቡ ሲመለስ አይተሽ ከሆነ፣ ጃንጥላ የሚዘረጋው በዝናብ ብቻ አይደለም። ጃንጥላ ከላይ፣ ነጠላ በግንባር ላይ፣ በጥላው በኩል መራመድ። ጠቆር ያለና ደህና ጨርቅ ያለው ጃንጥላ አብዛኛውን ጨረር ያስቀራል። ነጠላ ሳስቶ ስለሚሸመን ብቻውን አያስተማምንም፣ ሁለቱ ሲደራረቡ ግን ጥሩ ነው። ወጣቶቹ ግን ጃንጥላውን ትተውታል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ የምትማረው የአክስቴ ልጅ «እታለም፣ በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይዤ ልሂድ? ባልቴት መሰልኩሽ እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። በሳምንቱ ማድያት የሚያጠፋ የቫይታሚን ሲ ሴረም ላኪልኝ አለች።

ማድያቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከአገር ቤት ከሚመጣው ጥያቄ ብዙው እሱ ነው። የቆዳችን ቀለም ከቃጠሎና ከቆዳ ካንሰር በደንብ ይጋርደናል፤ ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይነካውም የሚባለው እዚህ ላይ እውነት አለው። ከማድያትና ብጉር ትቶት ከሚሄደው ጥቁር ምልክት ግን አያድነንም። እንዲያውም እንዲህ ያለው ነገር እንደኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ይበረታል። እርግዝና ያመጣዋል፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልም ሊያመጣው ይችላል፣ በቤተሰብም ይወረሳል። የሚያባብሰው ግን ፀሐይ ነው። ፀሐዩን ሳትከለክይ ሺህ ሴረም ብትቀቢ ገንዘብሽን ነው የምትጨርሺው። ደግሞ ማድያትን የሚያጠቁረው አልትራቫዮሌት ብቻ ሳይሆን የሚታየው ብርሃንም ጭምር ነው። ተራው ሰንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት፣ ይሄኛውን አያስቆምም፣ ቀለም ያለው፣ አይረን ኦክሳይድ የተጨመረበት ግን ይከላከላል። ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። ነጩ ሰንስክሪን ዚንክ ወይም ታይታኒየም ሲበዛበት ፊትን አመድ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል፣ ስንቷ አንድ ቀን ተቀብታ መስታወት አይታ መሳቢያ ውስጥ እንደወረወረችው እኔ ነኝ የማውቀው። ቀለም ያለው ከገጿ ጋር ስለሚሄድ ፋውንዴሽኑንም ይተካላታል።

ሰንስክሪኑ ላይ ኤስፒኤፍ ተብሎ የሚጻፈው የመከላከል አቅሙ ቁጥር ላይ አትጨነቂ። ኤስፒኤፍ 30 የሚለው ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶ ያህሉን ያስቀራል፣ 50ው 98 ያህሉን። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ትልቁ ልዩነት መጠኑ ነው። ለፊትና ለአንገት ሁለት ጣት ሙሉ ይጨመቃል፣ ደጅ ከዋልሽ በየሁለት ሰዓቱ ይደገማል። ሽሮ ላይ ጨው እንደሚጨምር ሰው ቆንጠር አድርጎ ቀብቶ «አልሠራም» ማለት አይቻልም።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር። ማድያት ያጠፋል፣ ፊት ያቀላል እየተባለ ስለሚሸጠው ክሬም ነው። እዚህም አለ፣ እዚያም አለ። እዚህ ሚኒሶታ የጤና ቢሮው ከውጭ የሚገቡ የሚያቀሉ ክሬሞች ውስጥ ሜርኩሪ አግኝቶ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ዓመታት አልፈዋል፣ ግን አሁንም ከመደርደሪያ ጀርባ «አለሽ?» «አለኝ» ተባብሎ የሚሸጥባቸው ቦታዎች አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል። የተቀባችው ብቻ አይደለችም የምትጎዳው፣ አቅፋ የምታጠባው ሕፃንም ነው። ካርቶኑ ላይ ካሎሜል ወይም ሜርኩሪክ የሚል ካየሽ መልሰሽ አስቀምጪው፣ ምን እንደያዘ ጭራሽ ያልጻፈውን ደግሞ አትንኪው። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያቀላ መድኃኒት ያለበት እዚህ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም፤ ያለ ክትትል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡት ራሱ ቆዳውን ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ሊያደርገው ይችላል። ሦስተኛው ቤታሜታዞንና ክሎቤታዞል የሚባሉት ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒቶች ናቸው። መጀመሪያ ፊት ያለሰልሳሉ፣ ያበራሉ፣ ሰው ሁሉ «ምን ቀባሽ?» ይላል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወርራል፣ ስታቆሚው ደግሞ ፊት ይነዳል። በድንገት አቁመሽ ዝም ከማለት ሐኪም ማየት ይሻላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እያለ ከሱቅ ባለቤት ምክር የሚጠየቅበት ምክንያት አይገባኝም። እና እባክሽ፣ ይሄን ዓይነቱን «ለምና አስቸገረችኝ» ብለሽ ሻንጣሽ ውስጥ አታስገቢ።

ውሃም አለ። እዚህ አገር የውበት ባለሙያ ነን የሚሉት ፊትሽን መጀመሪያ በዘይት፣ ከዚያ በሚያረፋ ነገር ሁለቴ ታጠቢ ይላሉ፣ ጠዋትም ማታም። ቧንቧውን ከፍተው ነው የሚያወሩት። ጎንደር ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት፣ ጄሪካን ተደርድሮ የሚጠበቅበት ሰፈር ስንት ነው? ለዚያ ቤት የሚሆነው ሌላ ነው። ማታ ሜካፑንና አቧራውን በትንሽ ቫዝሊን አሟሙቶ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ በአንድ ኩባያ ውሃና በትንሽ ቀላል ሳሙና ማለቅለቅ። ጠዋት ውሃ ብቻ ይበቃል። ፊትን በልብስ ሳሙና መፈግፈግ ግን ይቅር፤ በበጋ የሚነጣውና የሚያሳክከው ፊት ብዙ ጊዜ መነሻው እሱ ነው።

ሜካፕ ላይ ደግሞ ዲያስፖራዋና የአገሯ ልጅ ጥምቀት ዕለት ፋሲል መዋኛ አጠገብ ጎን ለጎን ሲቆሙ ልዩነቱ ይታያል። የእኛዋ ከሌሊት ጀምራ ፊቷን ሠርታ ትመጣለች። ፕራይመር፣ ፋውንዴሽን፣ ኮንሲለር፣ ፓውደር፣ የሚለጠፍ ሽፋሽፍት። ንጋት ላይ እንደ ሙሽራ ናት። ታቦቱ ሲመለስ፣ ፀሐዩ ሲከር፣ እልልታውና ጭፈራው ሲደምቅ ግማሹ ወርዶ ሐበሻ ቀሚሷ አንገት ላይ ነው። የአገሯ ልጅ ቅንድቧን አስተካክላ፣ ኩሏን ተኩላ፣ ከንፈሯን ቀብታ፣ ሹሩባዋን ተሠርታ መጥታ ማታም ያው ናት። እኔ የምደግፈው የሁለተኛዋን ነው። ቀለም ያለው ሰንስክሪን፣ የሚወዛው ግንባርና አፍንጫ ላይ ብቻ ትንሽ ፓውደር፣ ውሃ የማያስለቅቀው ማስካራ፣ ከንፈር ላይ ከሚጣበቅ ሊፕ ግሎስ ይልቅ የማያንጸባርቅ ሊፕስቲክ፣ አቧራ ስለሚይዝ። ፋውንዴሽን ካስፈለገም ከቀሚሱ በፊት ይቀባና ይድረቅ። ያ ነጭ ጥበብ ስንት ብር እንደወጣበት ልብሱን ያሠራች ታውቃለች።

ፋውንዴሽን መላክን ግን ተዪው። ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 (እ.ኤ.አ.) 40 ዓይነት ቀለም ይዞ ሲወጣ ሌሎቹም ተከትለው ጥቁር ቆዳ ላይ አሰፉ፣ ስለዚህ አሁን ምርጫ አለ። ግን ምርጫው በበዛ ቁጥር ከሩቅ ሆኖ መገመቱም ከባድ ሆነ። የእኛ ፊት ቀይ ዳማም ሆነ ጠይም ውስጡ ወደ ወርቃማ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቀይ የሚያደላ አለ፣ ይሄ በስልክ ፎቶ አይታይም። በእጅ ጀርባ ላይ መሞከርም አያዋጣም፤ መንጋጋ ላይ ተቀብቶ ደጅ በቀን ብርሃን መታየት አለበት። ኩሉ ላይም አንድ ነገር። ከገበያ የሚገዛው የድንጋይ ኩል እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ስለሚችል አሜሪካ ውስጥ ለመዋቢያ አይፈቀድም። የሕፃን ዓይን ላይ መኳሉ ቢቀር ደስ ይለኛል። ለትልቅ ሰው እንደ መጻፊያ እርሳስ የተሠራውን ጥቁር የዓይን መኳያ ከዚህ መላክ ቀላልም ርካሽም ነው፣ አንዷ የተኳለችበትን ሌላዋ እስካልተዋሰችው ድረስ።

ክረምቱ ብዙ አያስወራም። ሐምሌና ነሐሴ አየሩ እርጥብ ስለሆነ ወፍራም ክሬም ፊት ያወዛል፣ ቀለል ያለ ይበቃል። ሰማዩ ደመነ ብሎ ሰንስክሪን መተው ግን ልክ አይደለም፤ ስስ ደመና እስከ 80 በመቶ ጨረር ያሳልፋል። ከፊት ይልቅ እግር ነው የሚጎዳው። የራሰ ጫማ የእግር ጣት መሐል ፈንገስ ያመጣል፣ ማድረቅና ካልሲ መቀየር ነው። ጭርት ላይ የሚያቀላውን ክሬም የሚቀቡ አሉ፣ ያሰፋዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚገርመው ግን የተገላቢጦሹ ነው። እኛ ከዚህ ሎሽን ስንጭን፣ እዚህ ያሉት ሱቆች የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የእርድ ማስክ፣ የእሬት ጄል በሚያምር ጠርሙስ አድርገው በዶላር ይሸጡልናል። እናቴ ጓዳ ያለው ነው። እሬት የተቃጠለ ቆዳ ያበርዳል፣ ለዚያ ደህና ነው። እርዱ ለጥቂት ቀን ቢጫ ያደርግሻል እንጂ ብዙ አይከፋም። ፊት ላይ ሎሚ ጨምቆ ፀሐይ መውጣት ግን አገር ቤትም እዚህም አደጋ ነው፣ ያቆስላል፣ ከዚያ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል። እንሶስላውን ግን አትተዉት፣ እጅና እግር ላይ እንደሱ የሚያምር ነገር ከፋብሪካ አልወጣም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሻንጣ የምታሰናጂ ከሆነ፣ ለእያንዳንዷ ቀለም ያለው ሰንስክሪን ሁለት ሁለት፣ ኤስፒኤፍ ያለበት የከንፈር ቅባት፣ የቅንድብና የዓይን እርሳስ፣ ማስካራ፣ ሽታ የሌለው ትንሽ ክሬም። ሰንስክሪኑ የሚያበቃበትን ቀን አይተሽ ግዢ፣ በቅናሽ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ሊያልፍበት የቀረበ ነው። ኤርፖርት ላይ ሻንጣው 23 ኪሎ አልፎ አውጪ ካሉሽ መጀመሪያ ሎሽኑን አውጪ። ቫዝሊንማ ፒያሳ ሞልቷል።