ከእሳቱ በፊት የነበረው አድማ

የአሜሪካ የሠራተኛ ጥበቃ ሕግ እንዴት ተወለደ ሲባል የሚሰጠው የተለመደ መልስ ከአንድ ቅዳሜ ይነሣል። መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማርች 25 ቀን 1911 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ትራያንግል በተባለ የሴቶች ሸሚዝ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሰዎች ሞቱ። 123ቱ ሴቶችና ልጃገረዶች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁዳውያንና ከጣሊያን የመጡ ስደተኞች ነበሩ። ሕዝብ አለቀሰ፣ ፖለቲከኞች ደነገጡ፣ ሕግ ወጣ፤ ታሪኩ በዚህ መልክ ይተረካል። ሐሰት የለበትም፤ ዋናውን ነገር ግን ዘሎታል ባይ ነኝ። ሐዘን ብቻውን ሕግ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ፣ ከሦስት ዓመት በፊት በዌስት ቨርጂኒያ፣ በሞኖንጋ የድንጋይ ከሰል ማውጫ በአንድ ቀን ያለቁት ከ360 የሚበልጡ ሰዎች በበቁ ነበር። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው የፌዴራል የማዕድን ቢሮ ማውጫዎቹን ገብቶ የመፈተሽ ሥልጣን እንኳ አልተሰጠውም።

ትራያንግል የአንድ ባለአሥር ፎቅ ሕንፃ የመጨረሻዎቹን ሦስት ፎቆች ይዞ ነበር። እሳቱ የተነሣው የመውጫ ሰዓት ሲቃረብ፣ በ8ኛው ፎቅ ከጨርቅ ቆራጮች ጠረጴዛ ሥር ከተጠራቀመ ቁርጥራጭ ነው። ባለቤቶቹ ወደነበሩበት ወደ 10ኛው ፎቅ በስልክ ተነገረና እነርሱ በጣሪያው በኩል አመለጡ፤ መካከል ላይ ያለው 9ኛው ፎቅ ግን እሳቱን ያወቀው እሳቱ ራሱ ሲደርስበት ነው። እዚያ አንደኛውን መውጫ ነበልባል ያዘው፤ ሌላኛው በር ተቆልፎ ነበር። ለምን ቢባል፣ ሠራተኞቹ ማታ ሲወጡ ሁሉም በአንድ በር አልፈው ቦርሳቸው እንዲፈተሽ፣ ብጣሽ ጨርቅ ይዛ የምትወጣ እንዳትኖር ነው። በውጭ በኩል የተገጠመው የብረት መሰላል የሰዉን ክብደት መሸከም አቅቶት ተቀነጠሰ። የአሳንሰር ሠራተኞቹ እስከቻሉ ድረስ ተመላለሱ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች መሰላል ደግሞ ከ6ኛው ፎቅ አላለፈም። ብዙዎች በመስኮት ዘለሉ። ሕንፃው እሳት አይበግረውም የተባለለት ነበር፣ እውነትም አልበገረውም፤ ዛሬም ቆሞ የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ንብረት ነው። (የዚሁ ዩኒቨርሲቲ አንድ የምርምር ማዕከል በ2019 ባወጣው ጥናት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር እንደሆነ ጽፎ ነበር። የአገራችን አንባቢ ይህን የሩቅ አገር ታሪክ የሚያነበው ባዕድ ሆኖ አይደለም።)

ስለ በሩ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን 1909 በኩፐር ዩኒየን አዳራሽ በተጠራው ስብሰባ የሠራተኛ መሪዎች ተራ በተራ ሲናገሩ፣ የ23 ዓመቷ ሸሚዝ ሰፊ ክላራ ለምሊክ መድረኩን ጠይቃ የምሥራቅ አውሮፓ አይሁዳውያን በሚናገሩት በዪዲሽ ቋንቋ ንግግር እንደሰለቻት ገልጻ አጠቃላይ አድማ እንዲታወጅ ጠየቀች። በማግስቱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰፊዎች መኪናቸውን አቁመው ወጡ፤ ቁጥራቸውም ወደ 20,000 ደረሰ። ደመወዝ ይሻሻል፣ የሥራ ሰዓት ይቀነስ፣ ማኅበራችን ይታወቅ አሉ፤ ከትራያንግል የወጡት ደግሞ የበሮቹንና የእሳት ማምለጫውን ጉዳይ ጨምረው አነሡ። የተቀጠሩ ደብዳቢዎች መቷቸው፣ ፖሊስም እነርሱኑ አሰረ። አንድ ዳኛ ያደማችሁት በእግዚአብሔር ላይ ነው ብሏቸዋል፤ «በፊትህ ወዝ እንጀራን ትበላለህ» የሚለውን ቃል መጥቀሱ ነበር። አድማው በፌብሩዋሪ 1910 ሲያበቃ ብዙ ፋብሪካዎች ከማኅበሩ ጋር ውል ፈረሙ። ትራያንግል ማኅበሩን አልቀበልም ብሎ ቀረ፤ ሴቶቹም ወደዚያው ፎቅ ተመለሱ።

ከእሳቱ በኋላ ፍርድ ቤቱ የሠራው ሥራ ብዙ የሚያስወራ አይደለም። ባለቤቶቹ ማክስ ብላንክና አይዛክ ሃሪስ በዲሴምበር 1911 በነፃ ተለቀቁ፤ በሩ በዚያች ሰዓት መቆለፉን ያውቁ እንደነበር አልተረጋገጠም ተባለ። ከኢንሹራንስ ያገኙት ገንዘብ ከኪሳራቸው በለጠ። በ1914 ለሟች ቤተሰቦች በነፍስ 75 ዶላር ከፍለው ጉዳዩን ዘጉ። ብላንክ በ1913 በሌላ ፋብሪካው በሥራ ሰዓት በር ቆልፎ ተገኝቶ 20 ዶላር ተቀጥቷል።

ለውጡ የመጣው በሌላ መንገድ ነው። የኒው ዮርክ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ1911 የፋብሪካ መርማሪ ኮሚሽን ሲያቋቁም፣ ሰብሳቢው ሮበርት ዋግነር፣ ምክትላቸው አል ስሚዝ ሆኑ። ሁለቱም የታማኒ ሆል ሰዎች ነበሩ፤ ታማኒ ሆል የከተማዋን ዴሞክራት ፓርቲ ጠቅልሎ የያዘ፣ ሥራና ውለታ እያደለ ድምፅ የሚሰበስብ ድርጅት ሲሆን፣ በአድማው ጊዜ ሴቶቹን ያሰረው ፖሊስ በእጁ ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ልቡ ራርቶ ነው ብዬ አላምንም። የስደተኞቹ ሰፈር ተደራጅቷል፣ ሶሻሊስቶችም ድምፁን እየሻሙት ነው፤ በ1914 ከዚያው ሰፈር ሶሻሊስቱ ማየር ለንደን ለኮንግረስ መመረጣቸው ፍርሃቱ ከንቱ እንዳልነበረ ያሳያል። ሴቶቹ ራሳቸው በኒው ዮርክ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1917 ቢሆንም፣ አባቶቻቸውና ወንድሞቻቸው ይመርጡ ነበር።

እሳቱን በዓይናቸው ያዩት የሠራተኞች መብት ተሟጋቿ ፍራንሲስ ፐርኪንስ ኮሚሽነሮቹን በየፋብሪካው ይዘው ዞሩ። በአንዱ ፋብሪካ «የእሳት ማምለጫ» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ጠባብ ቀዳዳ ነበር። ፐርኪንስ ሴናተር ዋግነርን በዚያ ቀዳዳ አሾልከው አስወጧቸው፤ ሴናተሩ ከወዲያ ያገኙት በረዶ የጋገረበት፣ መሬት ሳይደርስ 12 ጫማ ላይ የሚያበቃ መሰላል ነው። ከኮሚሽኑ ሥራ ከ30 በላይ ሕጎች ወጡ፤ በሮች በሥራ ሰዓት እንዳይቆለፉ፣ የእሳት ልምምድ እንዲደረግ፣ በረጃጅም ፋብሪካዎች ውኃ የሚረጭ መሣሪያ እንዲገጠም ተደነገገ። ፐርኪንስ በ1912 የሴቶች የሥራ ሳምንት ከ54 ሰዓት እንዳይበልጥ የሚለውን ሕግ ያስወጡት የቆርቆሮ ምግብ ፋብሪካዎች ከሕጉ ውጪ እንዲሆኑ ተስማምተው ነበር። በዚህ ብዙ ተወቅሰዋል። እኔ ግን አልወቅሳቸውም፤ የተገኘውን ይዞ ለቀሪው መመለስ ያውቁበት ነበርና።

በ1933 ፐርኪንስ የሠራተኛ ሚኒስትር ሆነው በአሜሪካ ካቢኔ የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሲሆኑ ይኸው ልምድ ወደ ዋሽንግተን ተሻገረ። በ1935 በዋግነር ስም የሚጠራው የመደራጀት መብት ሕግ፣ በ1938 ደግሞ የዝቅተኛ ደመወዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ወጣ። ሁለቱም የእርሻና የቤት ሠራተኞችን አስቀሩ። በደቡብ ክፍለ ግዛቶች ይህን ሥራ በአብዛኛው የሚሠሩት ጥቁሮች ነበሩ፤ ድምፅ መስጠት ተከልክለዋል፣ ማኅበር ለማቋቋም የሞከረም ሕይወቱን ያሰጋል፣ የእነዚያ ግዛቶች ተወካዮች ድምፅ ሳይገኝ ደግሞ ሕጉ አያልፍም። የኒው ዮርክ ሰፊዎች የነበራቸው አቅም በእነርሱ እጅ አልነበረም። የቤት ሠራተኞች የዝቅተኛ ደመወዝ ዋስትና ያገኙት በ1974 ነው፤ የእርሻ ሠራተኞች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ግን በፌዴራሉ ሕግ እስከ ዛሬ አልገባም።