ቀጣሪ ከሆነ ይክፈል እንጂ አያስከፍል

ሰሞኑን በአንድ ኤፍ ኤም ጣቢያ የተላለፈ ውይይት በቴሌግራም ተቆራርጦ ሲዞር ሰንብቷል። እንግዳው የቪዛ ማማከር ቢሮ ያለው ሰው ነው። ጋዜጠኛዋ ውጭ አገር ሥራ እናገኛለን ብለው ገንዘባቸውን ከፍለው እዚሁ ስለቀሩ ወጣቶች ስትጠይቀው እንዲህ ሲል መለሰ፦ «የስፖንሰሮች ዝርዝር ኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ነው። ቀጣሪ ያላገኘ ሰው በደንብ ያልፈለገ ሰው ነው። እኛ ጋ መጥቶ የሚከፍለው ደግሞ ለድካማችን ነው። በነፃ የሚገኝ ነገር የለም።» ስፖንሰር የሚለው የውጭ ሠራተኛ ቀጥሮ ለማስመጣት በአገሩ መንግሥት የተፈቀደለትን ቀጣሪ ነው። ጋዜጠኛዋ ዝም ብላ አሳለፈችው። እኔ ግን አላሳልፈውም።

«ያልፈለገ» የተባለውን ልጅ አውቀዋለሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ልጅ በየብሎኩ አይጠፋም። በዲግሪ ተመርቆ ዓመታት ያለ ሥራ የተቀመጠ፣ ወይም ሙያው ሌላ ሆኖ ባጃጅ የሚነዳ። ቀን ከተማ ወርዶ ሥራ እንዳይፈልግ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ታክሲውም ተወዷል። ስለዚህ ሌሊት ይቀመጣል። ዋጋው ረከስ ስለሚል የሌሊት ጥቅል ገዝቶ እስኪነጋ ሲቪ ይልካል። አብዛኛው መልስ የለውም። መልስ ሲመጣም «ስፖንሰር አናደርግም» የምትል አንድ መስመር ናት። ይህን ልጅ «በደንብ አልፈለግክም» ማለት ድፍረት ነው። ገንዘቡን ከበሉት በኋላ ሞራሉንም መብላት ነው።

እስቲ ስለዚያ ዝርዝር እናውራ። ሰውዬው የጠቀሰው የእንግሊዝ መንግሥት የሚያወጣውን፣ የስፖንሰር ፈቃድ ያላቸውን ድርጅቶች መዝገብ ነው። መዝገቡ አለ። ነፃም ነው። ከመቶ ሺህ በላይ ስም አለበት። ግን ከፍቶ ያየው ሰው የሚያገኘው የድርጅቱን ስም፣ ከተማውንና የፈቃዱን ዓይነት ብቻ ነው። ስልክ የለውም። ኢሜይል የለውም። ክፍት የሥራ መደብ የሚባል ነገር የለውም። መዝገቡ የሚለው «ይህ ድርጅት ከውጭ ሰው መቅጠር ከፈለገ ተፈቅዶለታል» ነው እንጂ «ሰው ይፈልጋል» አይደለም። እዚያው አገር ላለ ለአንድ ሠራተኛቸው ብለው ፈቃዱን ያወጡ አሉ። የመርካቶ ነጋዴዎችን ስም ዝርዝር ለሥራ ፈላጊ ሰጥቶ «ይኸው ሥራ» እንደማለት ነው። አማካሪ ነኝ የሚል ሰው ይህን ሳያውቅ ከተናገረ ሙያውን አያውቅም። እያወቀ ከተናገረ ደግሞ ያሳዝናል።

ደሞዙንም ዝም ብሎታል። የሠለጠነ ሠራተኛ የሚባለውን የእንግሊዝ ቪዛ ለማግኘት ቀጣሪው መክፈል ያለበት ዝቅተኛ ደሞዝ እ.ኤ.አ. እስከ ኤፕሪል 2024 በዓመት 26,200 ፓውንድ ነበር። ከዚያ ወደ 38,700 ዘለለ። ከጁላይ 22 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ለአብዛኛው ሙያ 41,700 ሆኗል። ሥራውም በጥቅሉ የዲግሪ ደረጃ መሆን አለበት። በዚያው ቀን የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ቅጥር ተዘግቷል። እኛ ሰፈር «ኬር ወርከር» እየተባለ ሲወራለት የነበረው በር ማለት ነው። ማስታወቂያው ግን እስከ ዛሬ ምሰሶ ላይ ተለጥፎ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። «በነፃ የሚገኝ ነገር የለም» ወዳለው።

ስፖንሰር ማድረግ ማለት ቀጣሪው ለመንግሥቱ «ይህን ሰው እፈልገዋለሁ፣ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ» ብሎ መፈረም ነው። ለዚህ ፊርማ የሚከፍለው ራሱ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ድርጅቱ መጀመሪያ ለፈቃዱ ይከፍላል። ከዚያ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የስፖንሰርነት ማረጋገጫ ያወጣል፤ ይህ ብቻ እ.ኤ.አ. በ2025 525 ፓውንድ ነበር። በዚያ ላይ የውጭ ሠራተኛ ስለቀጠረ ለመንግሥት የሚገባ ሌላ ክፍያ አለ። ለትልቅ ድርጅት በዓመት ከአንድ ሺህ ፓውንድ አያንስም። እነዚህን ክፍያዎች ሠራተኛው ላይ መጣል የተከለከለ ነው። ቀጣሪው ከተገኘበት ፈቃዱን ሊያጣ ይችላል። ካናዳም እንዲሁ ነው። ቀጣሪው «ለዚህ ሥራ እዚህ ሰው አላገኘሁም» ብሎ የሥራ ገበያ ግምገማ ሲጠይቅ ለእያንዳንዱ መደብ 1,000 የካናዳ ዶላር ይከፍላል። ከሠራተኛው ማስመለስ አይችልም። አሜሪካ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ኤች-ዋን-ቢ በሚባለው የሠለጠነ የውጭ ሠራተኛ ቪዛ ለአዲስ ማመልከቻ 100,000 ዶላር ጥላለች። እሱም የቀጣሪው ዕዳ ነው።

ሦስት አገር፣ ሦስት ሕግ፣ አንድ አቅጣጫ። ገንዘቡ ከቀጣሪው ኪስ ነው የሚወጣው። የፈለገህ ሰው ይከፍልልሃል። እንድትከፍለው የጠየቀህ ሰው አልፈለገህም፤ የፈለገው ገንዘብህን ነው። ይህን ያህል ግልጽ ነገር በየሬዲዮው ሲድበሰበስ መስማት ያናድዳል።

ሠራተኛው ምንም አይከፍልም አላልኩም። የቪዛ ማመልከቻውን ይከፍላል። እንግሊዝ ከሆነ በዓመት 1,035 ፓውንድ የጤና ክፍያ አለበት። እነዚህ ግን በቀጥታ ለመንግሥት የሚገቡ፣ ደረሰኝ ያላቸው ክፍያዎች ናቸው። ዶክመንት ላስተረጎመ፣ ፎርም ለሞላ ሰው የድካሙን መክፈልም ተገቢ ነው፤ እሱ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ ሥራውን ራሱን ዋጋ ተምኖ ከሚሸጠው ጋር ነው።

እንዴት እንደሚሸጥ በቅርብ አይቻለሁ። ከኛ ብሎክ ሥር ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ አንድ የሰፈር ልጅ «ኦፈር ሌተሬን አንብብልኝ» ብሎ የቅጥር ደብዳቤውን ሰጠኝ። ከቀለም አታሚው ገና መውጣቱ ነው፣ ይሞቃል። የድርጅቱ ዓርማ ከኢንተርኔት ተገልብጦ ሲለጠጥ ፈዟል። የሚፈርመው ሰው ኢሜይል ጂሜይል ነው። የሥራው ዓይነት «ዌርሀውስ ወርከር» ይላል። ደሞዙ በዓመት 23,000 ፓውንድ። ወረቀቱ በራሱ ላይ መስክሯል። በዚያ ደሞዝ፣ በዚያ የሥራ ዓይነት እንግሊዝ ቪዛ አትሰጥም። የጻፈው ሰው ሕጉን ለማንበብ እንኳን አልደከመም። ልጁ ግን 180,000 ብር ቅድሚያ ከፍሏል። «ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ቪዛው ሲመታ» ተብሎ። ብሩ የአባቱ እቁብና የእህቱ የአንገት ሐብል ነው። ደረሰኝ ሰጥተውታል፤ «የማማከር አገልግሎት» ይላል። ለሥራ የሚል ቃል የለበትም። ቪዛው ሲቀር ምን ብለው እንደሚመልሱለት አስቀድመው ጽፈውለታል ማለት ነው።

ይህ ልጅ አልፈለገም? ሰነፍ ነው? እስቲ ማን ነው የሚያፍረው?

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ደግሞ የራሳችን ሕግ ይህን ነገር ከመለሰ መቆየቱ ነው። የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ማን ምን እንደሚከፍል ለይቶ አስቀምጧል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢንሹራንስ፤ እነዚህ ሁሉ የአሠሪው ናቸው። ሠራተኛው የፓስፖርቱን፣ የጤና ምርመራውን፣ የክትባቱን፣ የልደት ሰርተፍኬቱንና የሙያ ብቃት ምስክር ወረቀቱን ይሸፍናል። ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ አይቀበልም። በ2013 አዋጁ ሲሻሻልም ሥራ ለሠራተኛው መሸጥ ተፈቀደ የሚል ነገር አልመጣም።

ስለዚህ ሪያድ ለቤት ሠራተኛነት በሕጋዊ መንገድ የምትሄደው የገጠር ልጅ የቪዛዋንም የትኬቷንም ገንዘብ መክፈል የለባትም። ደላላ በየመንገዱ እንደሚቦጭቃት አውቃለሁ። ካፋላ የሚባለው ሥርዓት ከሄደች በኋላ በአሠሪዋ እጅ ላይ እንደሚጥላትም አውቃለሁ። ቢያንስ ግን ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፣ ቢሮው ፈቃድ አለው፣ በዋስትና የተያዘ ገንዘብ አለው፣ ክስ የምታቀርብበት ቦታ አላት። የኛ ሰፈር የዲግሪ ምሩቅ ግን «አውሮፓ ነው፣ ሌላ ነው» ተብሎ ከዚያ ሁሉ ጥበቃ ውጭ ተጥሏል። የሚያስከፍለው ቢሮ የያዘው የማማከር ንግድ ፈቃድ ነው። ሰውን ከውጭ ቀጣሪ ጋር ለማገናኘት የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ክፍተት እያለ ጥፋቱን ልጁ ላይ ማላከክ ምን ይባላል?

ነርሶቹን ደግሞ እንያቸው። አቃቂና ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች ውስጥ የሚሠሩ ነርሶች ስልክ ላይ «እንግሊዝ ነርስ ይፈልጋል፣ ተመዝገቡ» የሚል መልእክት በየጊዜው ይገባል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት የጤና ባለሙያ እጥረት አለባቸው ብሎ በለያቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት። በዚህ ምክንያት የእንግሊዝ የጤና ቅጥር መመሪያ ከኢትዮጵያ ባለሙያ ዞሮ መመልመልን ይከለክላል። አንዲት ነርስ በራሷ ብትወዳደርና ብትቀጠር ግን ማንም አይከለክላትም። ስለዚህ «ለእንግሊዝ ሆስፒታል ነርስ እየመለመልኩ ነው» ብሎ አዲስ አበባ ውስጥ ብር የሚሰበስብ ሰው፣ ቀጣሪው መመሪያውን እየጣሰ ነው ወይም ቀጣሪ የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛ አማራጭ አልታየኝም።

«ከፍለው የሄዱም እኮ አሉ» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። አሉ። ከሄዱ በኋላ ምን እንደሆኑ እንናገር እንጂ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2022 እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ በእንክብካቤ ዘርፍ ከ470 በላይ ስፖንሰሮችን ፈቃድ ነጥቃለች። ከነሱ ውስጥ ሥራ ሳይኖራቸው ሰው ያስመጡ ነበሩ። ፈቃዱ ሲነጠቅ ሠራተኛው አዲስ ስፖንሰር እንዲያገኝ በአብዛኛው የሚሰጠው 60 ቀን ነው። ከናይጄሪያ፣ ከዚምባብዌ፣ ከሕንድ ቤታቸውን ሸጠው የሄዱ ሰዎች ደርሰው ሥራ የለም ተብለዋል። የተገዛ ሥራ እንዲህ ነው። ሻጩ ገንዘቡን ከወሰደ በኋላ አንተ ብትሠራም ባትሠራም ግድ የለውም።

በር የለም አልልም። ጀርመን እ.ኤ.አ. ከጁን 2024 ጀምሮ ያለ ቀጣሪ ገብቶ ሥራ መፈለጊያ ካርድ ትሰጣለች፤ የዕድል ካርድ ይሏታል። ነጥብ አላት። ትምህርትህ በተማርክበት አገር መንግሥት ዕውቅና ያለው መሆን አለበት፣ ቋንቋ ይፈልጋሉ፣ በዝግ ሒሳብ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 ስሌት በዓመት ወደ 13,000 ዩሮ ማስቀመጥ አለብህ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የደረሰበትን ለምታውቁ ይህ ስንት እንደሚሆን ልነግራችሁ አልፈልግም። ቢሆንም ይህ እውነተኛ በር ነው። ያ ገንዘብ ሒሳቡ ውስጥ ያንተ ሆኖ ይቀመጣል፣ በየወሩ ይለቀቅልሃል። ለአንድ ሰው ኪስ አይገባም። እኛ ሰፈር ስለዚህ የሚያወራ አንድ ፖስተር አላየሁም። ኮሚሽን የለውማ።

ስለዚህ የሚመለከታቸውን በግልጽ እጠይቃለሁ። ክፍለ ከተማ ያሉ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች የማማከር ፈቃድ ሲያድሱ ደንበኛው ለምን እንደከፈለ ውሉን ይዩ። በውሉ ውስጥ «ሥራ»፣ «ስፖንሰር» ወይም «ኦፈር ሌተር» የሚል ቃል ካለ ቢሮው የሚኒስቴሩን ፈቃድ ያሳይ። ከሌለው ይታሸግ፣ ሒሳቡም ይታገድ፤ የተቀበለው ብር ለከፋዮቹ እስኪመለስ ድረስ። የውጭ ሥራ ላይ የሚሠራው ሚኒስቴር ደግሞ ለአረብ አገር ሠራተኛ ያደረገውን የክፍያ ክልከላ ለአውሮፓና ለካናዳ ተጓዥም በግልጽ ያውጅ፤ በየወረዳው ሰሌዳም ይለጥፍ። እስከዚያው ልጆቻችን አንድ ነገር ይጠይቁ። የስፖንሰርነት ማረጋገጫውን የከፈለው ማን ነው? «አንተ» የሚል ቢሮ ካጋጠማቸው ብራቸውን ይዘው ይውጡ፣ ደረሰኙን የቆረጠባቸውንም ፖሊስ ጋ ይክሰሱ።