ከዚራ ያለ ሰርቨር፣ መጋላ ያለ ደንበኛ

«ሲስተም የለም።» ይህን ሰምቶ ከመስኮት ያልተመለሰ የድሬ ሰው ያለ አይመስለኝም። ብዙ ጊዜ ግን ሲስተሙ አለ። መረጃውን ይዞ ለሌሎቹ የሚያቀብለው ኮምፒውተር፣ ማለትም ሰርቨሩ፣ እዚያው ሕንፃ ውስጥ አረንጓዴ መብራቱን እያበራ ነው። የጠፋው ወደ ውጭ የሚወስደው መስመር ነው።

የራሱን ዳታ ሴንተር (ሰርቨሮች የሚቀመጡበትን ክፍል) ለማዘጋጀት የሚያስብ ድርጅት ለኬብሉ የሚጨነቀውን ያህል ለኢንተርኔት አቅራቢውም ይጨነቅ እላለሁ። ያውም ሲሚንቶው ሳይቦካ።

በቅርቡ አንድ ድርጅት አዲሱን የሰርቨር ክፍሉን እንድመለከትለት ጠራኝ። ኔትወርክ ዝርጋታ እንጀራዬ ነው። ሥራው ያምራል። እያንዳንዱ ኬብል በሁለቱም ጫፍ ቁጥር ተለጥፎበታል። የመብራት ገመዱ ከዳታው ተለይቶ ሄዷል። የዘረጉት ካት 6ኤ የሚባለውን የኔትወርክ ኬብል ነው፤ በሰከንድ 10 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ተራው ካት 6 በዚያ ፍጥነት ከ55 ሜትር በላይ አያስተማምንም። ይህን አውቀው መግዛታቸው ደስ አለኝ።

«ጋሼ፣ ኢንተርኔቱ በየት ነው የሚገባው?» አልኳቸው ባለቤቱን።

«እሱ ቀላል ነው፤ መጨረሻ ላይ እናስገባለን።»

ቀላል አይደለም። ክፍሉ ያለው ከሕንፃው ጀርባ ነው። ቱቦ አልተቀበረም። ፋይበር (ኢንተርኔቱን በብርሃን የሚያመጣው ኬብል) ይግባ ከተባለ የተለሰነ ግድግዳ ይበሳል፣ የተነጠፈ ግቢ ይቆፈራል።

ግቢ ውስጥ ያለው ኬብል የባለቤቱ ነው። ኢንተርኔት ቢጠፋም እዚያው ያለ ሠራተኛ ፋይሉን ይከፍታል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ከዚራ ሰፈር ያለው ሰርቨር ከወንዙ ማዶ መጋላ ላለው ቅርንጫፍ መልስ እንዲሰጥ ግን መስመሩ አጥር አልፎ፣ መንገድ አቋርጦ፣ የደቻቱን ወንዝ መሻገር አለበት። ይህን ከሱቅ ገዝተን አንገጥመውም። ፈቃድ ያለው አቅራቢ ነው የሚያመጣው።

በዚህ በኩል ድሬ ዕድለኛ ናት። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን መጀመሪያ የከፈተው በነሐሴ 2014 በእኛ ከተማ ነው። ከዚያ በፊት ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ምርጫ አልነበረንም። አሁን ብዙ ሰው «ሁለቱንም አስገባለሁ፤ አንዱ ቢጠፋ አንዱ አለ» ይላል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ግን ሁለት አቅራቢ ሁልጊዜ ሁለት መንገድ ማለት አይደለም። ፋይበሮቹ በአንድ ቦይ ከሄዱ ወይም በአንድ ድልድይ ላይ ከተሻገሩ፣ አንድ ኤክስካቫተር ሁለቱንም በጥሶ ይሄዳል። ደቻቱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል ደግሞ ለድሬ ሰው አይነገርም። የ1998ቱ ጎርፍ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወስዷል። ያን ያየን ሰዎች ሁሉን ነገር በአንድ መሻገሪያ ላይ ማንጠልጠል የለብንም።

ስለዚህ አቅራቢውን «በየት በኩል ነው የምታመጡልኝ?» ብላችሁ ጠይቁት። መስመሩ ለብቻችሁ ነው ወይስ ከሰፈሩ ጋር የምትካፈሉት? ቋሚ አይፒ፣ ማለትም የማይቀያየር የኢንተርኔት አድራሻ፣ አለው? ሲቆረጥ በስንት ሰዓት ይጠገናል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። የመላኪያ ፍጥነቱንም አትርሱ። ቤት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የምንቀበል ነን፤ ሰርቨር ግን ላኪ ነው።

አንዲት ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ደጋግሜ ስላየኋት ነው። አቅራቢው ግድግዳ ላይ የሚሰቅላት፣ መስመሩን የምትቀበል ሳጥን አለች። ሰርቨሩ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው መሣሪያ) ላይ ሆኖ እሷ ተራ ሶኬት ላይ ትሰካለች። መብራት ሲሄድ ሰርቨሩ ይሠራል፣ መስመሩ ይሞታል። እባካችሁ እሷንም ዩፒኤሱ ላይ ስኳት።

ድሬ ራሷ የመስመር ልጅ ናት። ባቡሩ በሐረር እንዲያልፍ ታስቦ ነበር። ተራራው ከበደና በ1895 እዚህ ሜዳ ላይ ደረሰ። ከተማዋ የተቆረቆረችው ሐዲዱ ሊደርስ በቻለበት ቦታ ነው። የሰርቨር ክፍልም ቦታው እንዲህ ቢመረጥ ደስ ይለኛል፤ መጀመሪያ መስመሩ በየት መግባት እንደሚችል ይታይ፣ ከዚያ ክፍሉ ይሠራ።

ባለቤቱ ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ራኮቹን፣ የሰርቨሮቹን መደርደሪያዎች፣ ማዛወር ከብዷቸዋል። ግድግዳውን ግን አስበስተዋል። ሁለት ቱቦ ተቀብሯል፤ አንዱ በፊት በር፣ ሌላው በጎን አጥር በኩል። አሁን የአቅራቢዎቹን መልስ እየጠበቁ ነው።