እማዬና የኢንዶኔዥያ ሰይጣን

እማዬ ፊልም ለማየት ቋንቋ አይገድባትም። ባለፈው ቅዳሜ የኢንዶኔዥያ ፊልም ከፈትኩ። ጆኮ አንዋር የሚባል ዳይሬክተር በፈረንጆቹ 2017 ያወጣው አስፈሪ ፊልም ነው። እኔ ከታች ጽሑፉን አነባለሁ፣ እሷ ሽንኩርት ትልጣለች። ድንገት ቢላዋው ቆመ።

"ሰይጣን አለ እንዴ?"

አለ። እነሱም "ሴታን" ነው የሚሉት። ርዕሱ ራሱ "የሰይጣን አገልጋዮች" እንደማለት ነው። ይህን መተርጎሜ ስህተት ነበር፤ ጸበሉ ከቁም ሳጥን ወጣ። ኤሌክትሪክ ነው ብዬ በስንት ልመና ቴሌቪዥኑን አተረፍኩት። ግድግዳው አልተረፈም።

"ይሄንን ሰው ከፍሎ ያየዋል?"

"ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው ሲኒማ ቤት ገብቶ አይቶታል።"

በፈረንጆቹ 1990ዎቹ መጨረሻ የኢንዶኔዥያ ሲኒማ ሊሞት ደርሶ፣ በዓመት የሚወጣው ፊልም በጣት የሚቆጠር እንደነበር ነገርኳት። በ2022 ግን አንድ የመንፈስ ፊልም ብቻውን 10 ሚሊዮን ገደማ ተመልካች አገኘ።

"ታዲያ ማን አስነሳቸው?" አለች፣ ወደ ቴሌቪዥኑ በአገጯ እያመለከተች።

በ2025 ብዙ ሕዝብ የጎረፈው "ጁምቦ" ለተባለ የልጆች አኒሜሽን ነው ብል ማን ሰምቶኝ።

እሷ ላይ መፍረድም ይከብዳል። ከአዲስ አበባ የመጀመሪያ ሲኒማ ቤቶች አንዱን "ሰይጣን ቤት" ያለው የኛው ሰው ነው። ያኔ ሰይጣኑ ፊልሙ ውስጥ አልነበረም፤ ፊልሙ ራሱ ነበር።

አንድ መንፈስ ግን አንጀቷን በላው። ፖቾንግ ይሉታል። በከፈኑ እንደተቋጠረ የቀረ ሙት ነው። እግሩ ስለታሰረ እየዘለለ ይሄዳል።

"የሚፈታለት ዘመድ የለውም?"

በማግስቱ ወደ ጃፓን ተሻገርን። በፈረንጆቹ የ1998ቱ "ሪንግ"። ፀጉሯ ፊቷን የሸፈነው ልጅ ከቴሌቪዥኑ እየዳኸች ስትወጣ እማዬ አልጮኸችም። ደስ አላት።

"ይኸው! ድሮ ቴሌቪዥን ዳንቴል የማለብሰው ለጌጥ መሰላችሁ?"

የተረገመውን ካሴት ያየ ሰው የሚተርፈው ገልብጦ ለሌላ ሲያሳይ ነው ስላት ደግሞ፣ "ይሄማ አክስትህ በቴሌግራም የምትልከው ነው" አለች። እውነቷን ነው። ጠዋት ጠዋት ለ12 ሰው ካላስተላለፍኩ ምን እንደሚደርስብኝ አክስቴ በዝርዝር ታሳውቀኛለች።

ጃፓኖች እንኳ ከኛ ይለያሉ። ፊልሙ አልቆ የሠራተኞቹ ስም እስከ መጨረሻው እስኪያልፍ ብዙዎቹ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። እኛ ገና ሳያልቅ ታክሲ እንሳፈራለን።

በአገራቸው የገቢ ክብረ ወሰን የያዘው የ2020 አኒሜ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቷል። ሰው የሚበሉ አጋንንትን በጎራዴ ስለሚቆራርጥ ልጅ ነው።

"እሱን ክፈትልኝ" አለች። በመጨረሻ ሰልፉን ያወቀ ፊልም ተገኘ።

ከሁሉም የቀረው ግን ደወሉ ነው። በኢንዶኔዥያው ፊልም አልጋ ላይ የዋለችው እናት ቤተሰቡን በትንሽ ደወል ነው የምትጠራው። ከሞተች በኋላም ደወሉ ይሰማል። እኔ ላብ አጠመቀኝ። እማዬ ሌላ ነገር ታያት፤ "እዚህ ቤት ተጣርቼ የሚሰማኝ አለ?" ሰኞ መርካቶ ሄዳ ገዛች።

ትናንት ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ከሳሎን ደወሉ ቅጭል ቅጭል አለ። ብርድ ልብሱን ተከናነብኩ። ደገመ።

"አንተ! ሪሞቱን የት አደረግከው?"