ሽሮ ላይ የጥብስ ቅጠል ለምታስቀምጡ የቴሌቪዥን ሰዎች

ከእሁድ ጀምሮ ሆዴ እንዳረረ ነው። ለጓደኞቼ ስነግራቸው «ለቲቪ ፕሮግራም ነው እንዲህ የምትሆነው?» ይሉኛል። አዎ፣ ለቲቪ ፕሮግራም ነው። ዝም ብል አይወጣልኝም፣ ስለዚህ ልጽፈው ነው። ረጅም ነው፣ ታገሱኝ።

እኔ የምግብና የጉዞ ፕሮግራም ነፍሴ ነው። ሌላው ሰው ኳስ እንደሚወደው ማለት ነው። ካፌ ቁጭ ብዬ «ቻናሉን ቀይሩልኝ» ብዬ አላውቅም፣ ኳሱ መቼ አልቆ! ቤቴ ግን ማታ ከሥራ ስገባ አንድ ክፍል ሳላይ አልተኛም።

ይህን ፍቅር ያስያዘኝ አንቶኒ ቦርዴይን ነው። መጀመሪያ ያየሁት በፍላሽ ነው። አራት ኪሎ ፊልም የሚገለብጥ አንድ ልጅ ነበር። ሌላ ነገር ላስገለብጥ ሄጄ እሱ ተቀላቅሎ መጣልኝ። ረጅም፣ ሸበቶ፣ ክንዱ ንቅሳት በንቅሳት የሆነ ሰውዬ ትንሽ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሏል። ፊት ለፊቱ መንገድ ዳር ምግብ የምትሸጥ ሴት አለች። ይጎርሳል። ዝም ይላል። ከዚያ ይጠይቃታል። እሷ ታወራለች፣ እሱ ይሰማል። በቃ፣ ይኸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቴሌቪዥን ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ልጁ ጋ ተመልሼ ያለውን ሁሉ አስገለበጥኩ።

ሰውዬው ከኩሽና የመጣ ነው። በወጣትነቱ ሰሃን አጣቢ ነበር። ከዚያ ኒውዮርክ ውስጥ ሌ ሃል የሚባል ምግብ ቤት ዋና ሼፍ ሆነ። ቴሌቪዥን ላይ የመጣው 40 ዓመት ካለፈው በኋላ ነው። «ኖ ሪዘርቬሽንስ» ከ2005 እስከ 2012 ሄደ። ከ2013 ጀምሮ ደግሞ ሲኤንኤን ላይ «ፓርትስ አንኖውን» መጣ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።) እሳት ፊት ቆሞ ስለኖረ፣ ምግብ ሲቀርብለት መጀመሪያ የሚያየው የሠራውን ሰው ነው።

በ2016 ሃኖይ ውስጥ ከፕሬዚዳንት ኦባማ ጋር የበላበትን ክፍል ያያችሁ ታውቃላችሁ። የበሉት ቡን ቻ ነው። ከሰል ላይ የተጠበሰ የአሳማ ሥጋና ቀጭን የሩዝ ፓስታ። በርጩማው ያው የፕላስቲክ ነው። ሒሳቡ 6 ዶላር ነበር፣ የከፈለውም ቦርዴይን ነው። ምግብ ቤቱ በኋላ ያንን ጠረጴዛ በመስታወት ከልሎ አስቀመጠው። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት መጣ ተብሎ ቤቱ ሌላ ቤት አልተደረገም። እሱ ክፍል ላይ እንባዬ የሚመጣው ለኦባማ ብዬ አይደለም። ለቤቱ ነው።

ወደኛም መጥቷል። የኢትዮጵያው ክፍል የወጣው በ2015 ነው። አብሮት የነበረው ሼፍ ማርከስ ሳሙኤልሰን ነው። ማርከስ እዚህ ተወልዶ፣ እናቱን በሳንባ ነቀርሳ አጥቶ፣ ስዊድን ውስጥ በጉዲፈቻ ያደገ ሰው ነው። ባለቤቱ ማያም አብራ ነበረች። ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። እኔን የሚይዘኝ፣ ሰዎቹ ምግብ እየበሉ «የማን ልጅ ነኝ?» ብለው ማውራታቸው ነው። እንጀራው ለወሬው ምክንያት ሆነ እንጂ ለፎቶ አልተቀመጠም።

ሰኔ 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፈረንሳይ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። 61 ዓመቱ ነበር። አርብ ቀን ነው። ታክሲ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ አነበብኩትና ከመውረጃዬ አለፍኩ።

እሺ፣ አሁን ወደ ብሶቴ ልምጣ።

ፒያሳ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ አንዲት ሽሮ ቤት አለች። ስድስት ጠረጴዛ ናት። ባለቤቷን እኛ ደንበኞቻቸው «እትዬ» ነው የምንላቸው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ረቡዕና አርብ ቦታ አይገኝም። ዐቢይ ጾም ሲገባማ 55ቱንም ቀን ቆሞ የሚጠብቅ ሰው አለ። እኔ ስምንት ዓመት በልቻለሁ እዚያ ቤት።

ከሦስት ሳምንት በፊት እትዬ «ቴሌቪዥኖች ሊመጡ ነው» አሉኝ። የየትኛው ጣቢያ እንደሆነ ይቅር። ደስታዬን አትጠይቁኝ። እትዬ ካሜራ ፊት ቁጭ ብለው ሲያወሩ በዓይነ ሕሊናዬ መጣልኝ። ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ።

ስደርስ እትዬ ተሠርተው ነበር። ማለቴ ፀጉራቸውን። ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ አዲስ ነጠላ ለብሰዋል። ለዓውደ ዓመት ብቻ የምትወጣ ነጠላ ናት፣ አውቃታለሁ። እጃቸው ላይ ማማሰያ አለ። ሸክላ ድስቱ ከሰሉ ላይ ተጥዶ ሽሮው ይንተከተካል።

ልጆቹ አራት ናቸው። መጀመሪያ ሬዲዮኑን አስጠፉ። ቀጥሎ እኛን አስወጡን። እሺ፣ ለድምፅ ነው ብለን ወጣንና በር ላይ ቆምን። ከዚያ አቅራቢዋ «ነጭ ሳህን የለም?» አለች። እትዬ «ሽሮ በሸክላው ነው የሚቀርበው ልጄ» አሏት። «አይ፣ ለካሜራ አይወጣም» አለች። ከጎረቤት ካፌ ጠፍጣፋ ነጭ ሳህን መጣ። የሚንተከተከውን ተጋቢኖ ከሸክላው ገልብጠው ሳህኑ ላይ አፈሰሱት። አንደኛው ልጅ ከላስቲክ ውስጥ የጥብስ ቅጠል አወጣ። ከላዩ ላይ አቆመው።

ሽሮ ላይ! የጥብስ ቅጠል!

እትዬን አየኋቸው። ምንም አላሉም። ማማሰያውን ከቀኝ ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩት።

መብራት እስኪተከል ሩብ ሰዓት ሄደ። የሳህን ሽሮ ሩብ ሰዓት ሲቆይ ምን እንደሚሆን የበላ ያውቃል። ከላይ ቆዳ ያወጣል፣ ዳር ዳሩ ይደርቃል። አቅራቢዋ እሱን ጎረሰች። «ዋው! በጣም ይጣፍጣል!» አለች። ካሜራማኑ አልተመቸውም መሰለኝ ድገሚው አላት። አራት ጊዜ ጎረሰች፣ አራት ጊዜ «ዋው» አለች። እትዬ እንዲሞቅላት ብለው ጠጋ ሲሉ «እማዬ፣ ካሜራው ውስጥ እየገቡብን ነው፣ ትንሽ ወደዚያ» ተባሉ። በገዛ ቤታቸው! እሳቸውም ይቅርታ ጠይቀው ወደ በሩ መጡ። እኛ ጋ መጥተው ቆሙ።

አንድ ጥያቄ አልጠየቋቸውም። እየማልኩ ነው የምነግራችሁ። ስምዎ ማነው፣ ስንት ዓመት ሠሩ፣ ማን አስተማርዎ፣ ምንም። ልጆቹ ክፉ አልነበሩም። ሲወጡ አመስግነዋል፣ ሒሳብም ከፍለዋል። ግን ምግቡን ሊቀርጹ መጥተው ምግቡን የሠራውን ሰው ከፊታቸው ገፍተው ሄዱ፤ እንደገፉም አላወቁም።

እሁድ ዕለት ተላለፈ። እትዬ ቤት ተሰብስበን አየነው። ልጃቸው ድምፁን ጨመረችው። እትዬ እጃቸውን እያደረቁ ከጓዳ መጥተው የወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። አቅራቢዋ ስለ ፕሮቲን አወራች። ስለ ዘይት ማስታወቂያ መጣ። ተመልሳ «በአንድ ባህላዊ ምግብ ቤት ተገኝተናል» አለች። አንድ! የቤቷን ስም እንኳን አልጠሩም። የእትዬ እጅ ማማሰያ እንደያዘ ለሦስት ሰከንድ ታየ። ፊት የለም። ከዚያ ወደ አንድ ሆቴል ተሻገሩ፣ ሼፉ ቁጭ ብሎ አሥር ደቂቃ አወራ።

«አለቀ?» አሉ እትዬ። ማንም አልመለሰላቸውም። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ይኼ አንድ ጣቢያ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን ሁሉም ያው ነው። በዓል በመጣ ቁጥር ስቱዲዮ ውስጥ ዶሮ ወጥ ይሠራል፣ 12ቱ ብልት ይቆጠራል፣ አቅራቢው ይቀምሳል፣ «ዋው» ይላል። ዓመት ዓመት ያው። ቆጮ መሬት ውስጥ ወራት ተቀብሮ የሚበስልበት አገር ነው ያለነው። ከእንሰት የሚኖረው ሕዝብ በሚሊዮን ነው የሚቆጠረው። መርካቶ ድረስ ይዘውት የሚመጡትን ሴቶች አንድ ጊዜ ወርዶ ያናገረ አቅራቢ ካለ ክፍሉን ላኩልኝና ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉዞ ሲባል ደግሞ ድሮን ይነሳል፣ ተራራ ይታያል፣ ሎጅ ይታያል። ሰው የለም።

በጀት የለንም ይላሉ። ይህን መልስ መስማት ሰልችቶኛል። «እትዬ፣ ይኼን ሽሮ እንዴት ነው የሚሠሩት?» ብሎ ለመጠየቅ ስንት ብር ያስፈልጋል?

የሚያቃጥለኝ ሌላም ነገር አለ። ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ቀጥሎ በ2017 ካዛንቺስ። መንገዱ ሰፋ፣ መብራቱም ያምራል፣ እሱን አልካድኩም። ግን እዚያ ጠባብ ጠባብ ቤት ውስጥ ስንት ዓመት እሳት ሥር የቆሙ ሴቶች ነበሩ። የማን ቤት ጥብስ፣ የማን ቤት ፍርፍር እያልን ያደግንበት ሰፈር ነው። ከዶሮ ማነቂያ አንዷ ምን አድርጋ ወጥ እንደምትሠራ ቁጭ ብላ የምታወራበት አንድ የቴሌቪዥን ክፍል ፈለግኩ። አጣሁ። ካሜራ ስላልነበረ አይደለም። ያኔም ካሜራው ሆቴል ነበር። አሁን ሴቶቹ የት የት እንደገቡ እንኳን አላውቅም። አንዷን ለሚኩራ ሄዳለች ብለውኛል፤ ሄጄ ፈልጌ አላገኘኋትም።

ለዚህ ነው የእትዬ ነገር እንዲህ ያንገበገበኝ። ቤታቸው ዛሬ አለ። እሳቸውም አሉ። ልጆቹ በሩን ከፍተው ገብተው ነበር እኮ!

ትናንት ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሄድኩ። ቤቱ ጭር ያለበት ሰዓት ነው። ወንበር ጎትቼ ጓዳው በር ላይ ተቀመጥኩና ስልኬን አውጥቼ «እትዬ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሩኝ» አልኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ። «ምኑን ልንገርህ፣ ሽሮ እኮ ነው» አሉ። ከዚያ ጀመሩ።

አተሩን ራሳቸው ነው የሚለቅሙት፣ ለሰው አይሰጡም። ለስለስ አድርገው ያምሱታል፤ ካረረ ሽሮው ይመርራል። ይከካል፣ ገለባው ይወጣል። ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ለብቻ ይደርቃል። ኮረሪማ ያበዛሉ፤ ከእናታቸው የያዙት ነው። በርበሬው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው። ከዚያ ወፍጮ ቤት። «ከእኔ በፊት ምን እንደተፈጨ ሳልጠይቅ አላስፈጭም» አሉኝ። አብሽ የተፈጨበት ወፍጮ ላይ ከገባ ያ ሁሉ ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። አንድ ቀን ወረፋቸው ደርሶ፣ ከፊታቸው የነበረችው ሴት አብሽ አስፈጭታ፣ እሳቸው እህሉን ተሸክመው እስከ አፍንጮ በር ሌላ ወፍጮ ፍለጋ ሄደዋል። በእግራቸው። ነፍሰ ጡር ነበሩ። በሆዳቸው የነበረችው እሁድ ዕለት የቴሌቪዥኑን ድምፅ የጨመረችው ልጅ ናት።

ዱቄቱ ከወፍጮ ትኩሱን ከመጣ ወዲያው አይከደንም። በሰፊ ዕቃ ተዘርግቶ ይበርዳል። አለበለዚያ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ሲሠሩት ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት ነው የሚያቁላሉት። ውኃው ሳይፈላ ሽሮ አይነሰነስም። በግራ እጅ እየነሰነሱ በቀኝ ማማሰል ነው፤ አለበለዚያ ይጓጉላል። ይህን ሲነግሩኝ እጃቸው አየር ላይ ያማስል ነበር። ዓይናቸው እኔን አያይም፣ ድስቱን ነው የሚያየው። ድስቱ ግን እዚያ አልነበረም።

አርባ ደቂቃ ቀረጽኩ። መብራት የለኝም፣ ማይክ የለኝም። ከውጭ የታክሲ ረዳት «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል ይሰማል። መሃል ላይ አንድ ደንበኛ ገብቶ ተጋቢኖ አዘዘ፣ እሳቸውም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሠሩለት። በሸክላው።

ከዚያ የስልኬ ቦታ ሞልቶ ተቋረጠ። ወደ በርበሬው ልንገባ ስንል ነው የቆመው። ዛሬ ማታ ያለውን ፎቶ ሁሉ ኮምፒውተር ላይ አራግፌ ስልኩን ባዶ አደርገዋለሁ። ነገ ረቡዕ ነው፣ ይጨናነቃል። ሐሙስ እመለሳለሁ ብያቸዋለሁ። «ና፣ ግን በጠዋት ና፣ በርበሬ ላሰጣ ነው፣ እያየህ ብነግርህ ይሻላል» ብለውኛል።