ይድረስ ለክቡር ክዳን አልባ ቱቦ

ጅማ ከተማ፣ የእግረኛ መንገድ መሐል

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከቁርጭምጭሚታችን በስተቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤው የክስ መስሎዎት እንዳይደነግጡ። የሚመለከተው አካል እርስዎን መመልከቱን አላቋረጠም፤ ከመመልከት ያለፈ ነገር ያደርጋል ብለን ደግሞ አናስፈራራዎትም። የጻፍንልዎ ለማመስገን ነው።

ከሁሉ በፊት ለትሕትናዎ። ጅማ በዓመት በአማካይ 1,500 ሚሊ ሜትር ግድም ዝናብ የምታገኝ ከተማ ናት፤ ክረምት አለፈ ብሎ ጃንጥላውን ቤት የሚተው ሰው የለም። ዝናቡ ሲወርድ የጫት ገረባው፣ ፌስታሉና ሃይላንዱ ጉሮሮዎ ላይ ይሰበሰባል። ውሃው ወደ አዌቱ ወንዝ መውረዱን ትቶ ወደ ላይ ይመጣና ከመንገዱ እኩል ይሆናል። ያኔ እርስዎ የሉም። አንድ ስንዝር ኩሬና አንድ ሜትር ጉድጓድ ከላይ ሲታዩ ልዩነት የላቸውም። ሐሙስ ሸክሙን ታቅፎ ወደ ሄርማታ ገበያ የሚሄደው ሰውማ ኩሬውንም አያይም፤ የገዛ እግሩን ያየ እንደሆነ ነው።

ለሳይክል ነጂ የዋሉለት ውለታ ደግሞ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ባጃጁ ሰው ሊጭን ጥግ ሲይዝ ነጂውን ወደ እርስዎ ይገፋዋል፤ ነጂው እርስዎን ሲያይ ወደ አስፋልቱ መሐል ይጠመዘዛል፤ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ይህን አልጠበቀም። በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሳይክል በአንድ ሰከንድ ከ4 ሜትር በላይ ይጓዛል። ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ ያቺ ሰከንድ ታልፋለች፤ እርጥብ መንገድ ላይ ለመቆም ደግሞ ሌላ 3 ሜትር ግድም ያስፈልጋል። እንግዲህ እርስዎን 5 ሜትር ላይ ያየዎት ሰው ያየዎት ለሰላምታ ነው። ምስጢርዎን ማውጣት ባይሆንብን፣ ከጠርዙ አንድ ሜትር ገባ ብሎ ሳይዋልል ቀጥ ብሎ የሚነዳን ሰው ምንም አያደርጉትም። ሾፌሩ ጥሩምባ ይነፋበት ይሆናል፤ የነፋበት ግን ስላየው ነው።

የብረት ፍርግርግ የለበሱት ወንድምዎም አይረሱ። ዘንጎቹ ከመንገዱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ተዘርግተው በመካከላቸው ሦስት ጣት ክፍተት ካለ፣ የፊት ጎማ ሰተት ብሎ ይገባል። ሳይክሉ ይቆማል፣ ነጂው ይቀጥላል። ጎንና ጎኑ እኩል ከሆነ ነቅሎ ማዞር ብቻ ይበቃ ነበር፤ ዘንጎቹ መንገዱን አግድም ይቆርጡና ነገሩ ያልቃል። ግን ማን ቸኮለ?

እርስዎም በደጉ ዘመን ክዳን ነበረዎት። እንዴት እንዳጡት እናውቃለን፤ በጀት ጠፍቶ አይደለም። ክዳንዎ አንድ ሜትር በ60 ሳንቲ፣ ውፍረቱ 10 ሳንቲ ተብሎ ተሞላ። ይህ 144 ኪሎ ግድም ነው፤ መያዣም የለውም። ጠራጊዎቹ በዲጂኖ ፈንቅለው ያነሱታል፣ ጭቃውን አውጥተው እዚያው አፍዎ ላይ ይከምሩታል (ቀጣዩ ዝናብ ይመልስልዎታል፣ አያስቡ)። ክዳኑን ለመመለስ ግን አራት ሰው ይፈልጋል፤ እነሱ ሁለት ናቸው። ተመልሶ ከሆነም ተገልብጦ ነው። ክብደት ሲያርፍበት ኮንክሪት የሚሰነጠቀው ከታች ስለሆነ ፌሮው በታችኛው በኩል ነው የሚታሰረው። ሲገለበጥ ፌሮው ላይ ቀርቶ ታቹ ባዶ ኮንክሪት ይሆናል። ከዚያ አንድ ቡና የጫነ አይሱዙ እግረኛ መንገድ ላይ ወጥቶ ይቆማል። ቋ! እርስዎም ነፃ ወጡ።

ስለዚህ ክዳን የተባለን ሁሉ አይፍሩ፤ የሚያሰጋዎ በወጉ የተሠራው ብቻ ነው። መልኩን እንንገርዎት፣ ከሩቅ ካዩት እንዲጠነቀቁ። ርዝመቱ ወደ 50 ሳንቲ ይወርዳል፤ ክብደቱም ወደ 72 ኪሎ፣ ሁለት ሰው በመንጠቆ የሚያነሳው ማለት ነው። ወርዱ 60 ሆኖ በ40 ሳንቲው አፍዎ ግራና ቀኝ 10፣ 10 ሳንቲ ይቀመጣል። 10 ሚሊ ፌሮ በየ15 ሳንቲው ይታሰራል፣ ከካሳፎርማው (ኮንክሪቱ ከሚሞላበት ቅርጽ) ወለል 2.5 ሳንቲ ከፍ እንዲል ትናንሽ የሲሚንቶ ኩብ ከሥሩ ይደረጋል። ወለሉ ላይ ከተኛ እርጥበት ይበላዋል። ድብልቁ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር፤ ውሃ አይብዛበት፣ እንደ ሾርባ የሚፈስ ኮንክሪት ለእርስዎ የሚሠራ ነው። ለመንጠቆው ሁለት ቀዳዳ በቁራጭ የፕላስቲክ ቧንቧ ይወጣለታል። ገና ሳይደርቅ በላይኛው ፊቱ «ላይ» ተብሎ በሚስማር ይጻፍበታል፤ ይህች ቃል ብቻዋን ስንቱን ክዳን ታድናለች። 7 ቀን ውሃ ይጠጣል፣ 28 ቀን ሳይሞላው ጭነት አያይም። መኪና ወደ ግቢ በሚገባበት በኩል 10 ሳንቲ አይበቃም፣ 15 ይሁን፣ ፌሮውም 12 ሚሊ።

እስከዚያው አድናቂዎችዎ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ከነቅጠሉ ይተክሉብዎታል። በችግኝ ተከላ ሪፖርት ውስጥ ገብተው እንዳይቆጠሩ እንሰጋለን። ቅርንጫፉ ቀን ደግ ነው፤ ማታ መብራት ሲጠፋ ግን ከእርስዎ ጋር የሚተባበር ሁለተኛ መሰናክል ነው። አሮጌ ጎማ ነጭ ቀለም ተቀብቶ ቢቆምብዎ ይሻላል፣ በእጅ ባትሪም ይታያል። ባለሱቁ የሚያጋድመው ጣውላ ግን አይቁጠሩት፤ በጅማ እርጥበት ከሥር ይበሰብሳል፣ ከላይ ደህና ይመስላል።

አክባሪዎችዎ፣
የጅማ እግረኞችና ሳይክል ነጂዎች

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው አካል። መንጠቆው ከ12 ሚሊ ፌሮ ይታጠፋል፤ ለአንድ ቡድን ሁለት ይበቃል፤ ከአካፋው ጋር አብሮ ይሰጥ።